አንድ ጉንጭ አፈር

አሮጊቷ ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ ሲሉ ወገባቸውን ያዛቸውና፣ «ቀስ በዪ ልጄ፣ አፈር ስሆን!» አሉ። ወዲያው ከኬላው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሳጥን ጮኸ።

ደብሪቱ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። በቀን ስንት ጊዜ ይጮሃል! ሳጥኑ የተሰቀለው አፈር ወደ ከተማ የሚያሾልኩ ሰዎች ሲደራደሩ ሰምቶ እንዲያጋልጥ ነው። ቃሉን በሰማ ቁጥር ይጮሃል። ቃሉ የሚወጣው ግን ከአሾላኪዎች አፍ አይደለም፤ ብዪልኝ፣ ጠጪልኝ፣ እግርሽን ልሳመው ከሚሉ እናቶች አፍ ነው። አሾላኪ የተባለማ ብልጥ ነው፤ «ዱቄት» ብሎ ይገበያያል። ሳጥኑን የሠራው ሰው አማርኛ ሳያውቅ አልቀረም፤ እናት ግን የነበረችው አይመስልም።

ደንብ ደንብ ነውና ሳጥኑ ከጮኸ ፍተሻው ይጠብቃል። የአሮጊቷ ነጠላ ተራገፈ፤ ጥለቱ በአየር ተነፋ፤ የተረከዛቸው ንቃቃት ሳይቀር በብሩሽ ተፋቀ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ምንም አላጠፉም እማማ። ቃሉን አይበሉት ብቻ።»

«የቱን ቃል?»

«አሁን ያሉትን። የዛሬ ልጆች ‹ንጣፍ ስሆን› ነው የሚሉት።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። «ንጣፍ ስሆን? ድንጋይ ሆኜ ለማን ልጠቅም!» አሉና የታጠበ ጫማቸውን ተቀብለው እያጉረመረሙ ወደ ከተማ ገቡ።

የደብሪቱ ሥራ ይህ ነው። አራጋፊ ትባላለች። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከተማዋን ከመርገጡ በፊት በእሷና በባልደረቦቿ እጅ ያልፋል፤ ጫማው ይፋቃል፣ ልብሱ ይራገፋል፣ የልጁ ጥፍር ሥር ሳይቀር ይታያል። የተፋቀው አፈር ክዳኑ በሚቆለፍ በርሜል ውስጥ ይገባና ተመልሶ ወደ ውጭ ይጫናል። አንዳንድ መንገደኛ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። ብዙው ግን ለምዶታል፤ ኬላው ሳይደርስ ራሱን እያራገፈ ነው የሚመጣው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለንጣፉ ሲባል ነው። አዲስ አበባ ከዳር እስከ ዳር በጠጪ ተነጥፋለች። ጠጪው ጠጠሩ እርስ በርሱ እንደ ኦቾሎኒ ከረሜላ የተጣበቀ፣ አሸዋ የሌለው፣ ሁለመናው ቀዳዳ የሆነ ኮንክሪት ነው። የቱንም ያህል ዝናብ ይውረድ፣ መሬት ሲነካ የለም። ኩሬ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ጎርፍ የሚባል ነገር የለም። ውሃው በንጣፉ ሰርጎ፣ ከሥር ባለው ጠጠር ተጣርቶ ወደ ጉድጓዶቹ ይወርዳል፤ የከተማው ሰው የሚጠጣው እሱን ነው። ደርቀው የነበሩ ምንጮች ፈልቀዋል፣ በበጋ ከአስፋልት ላይ ይነሳ የነበረው ወበቅ ጠፍቷል። ይህን የሚክድ ሰው ካለ ውሸታም ነው። ደብሪቱም አትክድም፤ እናቷን ጎርፍ የወሰዳት በቀበና ዳር፣ ንጣፉ ከመምጣቱ በፊት ነበር።

ጠጪው አንድ ጠላት አለው፤ እሱም አፈር ነው። ደቃቁ አፈር ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይደፍናቸዋል። መጀመሪያ የስርገት ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት በየዛፉ ሥር የነበረውን ክፍት መሬት አስሸፈነ። ቀጥሎ የኳስ ሜዳዎቹ፣ ቀጥሎ የአብያተ ክርስቲያናቱና የመስጊዶቹ ግቢ ተነጠፈ። አሁን ዛፎቹ በታጠበ ጠጠር ላይ ቆመው ምግባቸውን በቱቦ ይቀበላሉ። ንጣፉ የተደፈነበት ሰፈር የውሃ ተራው ወደ ኋላ ይገፋል፤ አፈር ያስገባው ሰው ደግሞ ከነስሙ «ደፋኝ» ተብሎ ይለጠፋል። ከሌባ የከፋ ስድብ ነው። ሌባ የአንድ ሰው ነው የሚሰርቀው፤ ደፋኝ ግን የጎረቤቱን ሁሉ ውሃ።

ሙታንም ከዚህ ደንብ አላመለጡም። የመጠጥ ውሃ በሚሰርግበት መሬት ሬሳ አይቀበርም ተባለና መቃብሩ ሁሉ ፉካ ሆነ። ሬሳው በነጭ ግድግዳ ውስጥ በተደረደሩ ቀዳዳዎች ይከተትና ይታሸጋል። ቄሱ «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ» ይላሉ፤ ቀድሞ አፈር ይበትኑበት በነበረው እጃቸው ሦስት የታጠቡ ጠጠሮች ይጥላሉ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ልጆች ይሄን ድምፅ ሰምተው ነው ያደጉት፤ የሚገርማቸው ነገር የለም።

የደብሪቱ አባት ጋሽ ናሆም ግን ልጅ አይደሉም። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ አልጋ ይዘዋል። አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ዝናቡ መሬት ነክቶ ሲጠፋ ማየት ይወዳሉ። አንድ ምሽት ደብሪቱ ትራሳቸውን ስታስተካክል እጇን ያዙ።

«ደብሪቱ፣ ሞቴን እያየሁት ነው።»

«አባዬ ደግሞ! ክረምቱ ሲወጣ ትነሳለህ።»

«ክረምቱም ይውጣ፣ እኔም ልውጣ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። አፈር አልብሺኝ።»

ደብሪቱ ሳቀች። «እኔ ካልቀበርኩህ ማን ሊቀብርህ ነው? እኔ አለሁ፣ እድሩ አለ፣ እትዬ ሶልያና ገና ሳትሞት ድንኳኑን መትከል ጀምረዋል።»

«ቅበሪኝ አላልኩም። አፈር ነው ያልኩሽ።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። አፈር ማልበስ ማለት መቅበር ማለት ነው፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ እንዲያ ነው የምታውቀው። ቃሉ ውስጥ አፈር መኖሩን ያስተዋለችው ገና ያን ጊዜ ነው።

«አባዬ፣ ንጣፉን ጠላኸው እንዴ?»

«እኔ?» ብለው ከትራሳቸው ሊነሱ ቃጣቸው። «እናትሽን ከቀበርኩ በኋላ ይሄን ንጣፍ በእነዚህ እጆቼ ነው የነጠፍኩት! ዳግም ብወለድ ዳግም እነጥፈዋለሁ። ንጣፌን አትስደቢብኝ። ግን እኮ ሰው ነኝ ደብሪቱ። እናትሽን እኔው ራሴ አፈር አልብሻታለሁ፤ እኔን ግን እንደ ዶሴ መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው። ብዙ አልፈልግም። ከእፍኝ ያነሰች፣ ግንባሬ ላይ የምታርፍ። ቄሱ ‹ወደ አፈር› ሲሉ ውሸት እንዳይሆንባቸው።»

«ከያዙኝ እኮ ከከተማ ያስወጡኛል። ሰፈሩንም ደፋኝ ይሉታል።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ናሆም። እጇን ግን አልለቀቁም።

ደብሪቱ ተናደደችባቸው። እያወቁ መጠየቃቸው አናደዳት፤ ከሰው ሁሉ መርጠው አፈር በምትከለክለው ልጃቸው ላይ መጫናቸው አናደዳት። ይህን ስታስብ ግን ከከተማው ሰው ሁሉ በየቀኑ አፈር የሚነካ እጅ ያላት እሷ መሆኗም ትዝ አላት።

«እሺ» አለች።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ከኬላው ማሳለፉ ግን እንዴት ይሁን? አራጋፊዎች ሥራ ሲጨርሱ እነሱም ይራገፋሉ። ንፋስ ቤት የምትባል ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ አየር ይነፋቸዋል። ፀጉር፣ ብብት፣ ኪስ፣ ጥፍር፣ የጫማ ሶል፣ አንድም የሚያመልጥ ነገር የለም። ደብሪቱ ስታስብ ሰነበተች። መልሱ የመጣላት አንድ መንገደኛ ሲፈተሽ ተናዶ «አፈር ብዪ!» ብሎ ሲሰድባት ነው። ሳጥኑ ጮኸ፣ ሰውዬው ዳግመኛ ተፈተሸ፤ እሷ ግን ስድቡን እንደ ምክር ይዛው ቀረች። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች አፈር የሚጎርስ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም። ንፋስ ቤት አፍ አይከፍትም።

አፈሩን ያመጣላት አንድ ገበሬ ነው። በከተማ የተዳረች ልጁ ወልዳ ሊጠይቃት የመጣ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በመረሬ የተለሰነ ሰው ነበር። «ይቅርታ እህቴ፣ አገሩ ጭቃ ነው» አላት። ሳጥኑ አልጮኸም፤ ጭቃ የሚል ቃል አልተማረም። ደብሪቱ ጥቁሩን ጭቃ እየፋቀች ወደ በርሜሉ ስትጥል አንዲት ጓል ጓንቷ ውስጥ ሸጎጠች። ቀና ስትል ገበሬው እያያት ነው።

«ለምንሽ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለአባቴ። ታሟል።»

ገበሬው ትንሽ አሰበ። ከዚያ እሷ የያዘችውን ጫማ ተወት አድርጎ ሁለተኛውን አውልቆ ሰጣት። «ያኛው የመንገድ ነው፣ ስንት ነገር ረግጫለሁ። ይሄኛው ተረከዙ ላይ ያለው ከማሳዬ ነው። ጤፍ የበቀለበት ነው። እግዜር ይማራቸው» አላት።

ደብሪቱ የመንገዱን ጭቃ ጥላ የማሳውን ያዘች።

የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ መጸዳጃ ቤት ገብታ ጭቃዋን ጉንጯ ውስጥ ከተተቻት። ጫት እንደያዘ ቃሚ ጉንጯ አበጠ። መረሬ ይጣበቃል፤ ከድዷ ጋር ተለጠፈ። ጣዕሙ ብረት ብረት፣ ዝናብ ዝናብ አላት። አስጠላት ማለት ሐሰት ነው።

ንፋስ ቤቱን የሚቆጣጠረው አዳፍሬ ነው። ከሁሉም ጋር ተጫዋች፣ ሰላምታው የማያልቅ ሰው ነው። «ደብሪቱ! እንዴት ዋልሽ? አባባስ? ዛሬ ተሻላቸው? እንዴ፣ ምነው ዝም አልሽኝ፣ ተጣላን እንዴ?» አላት በመስታወቱ በኩል። ደብሪቱ ጉንጯን በጣቷ አሳየችውና ፊቷን ኮሰኮሰች።

«ውይ፣ ጥርስሽን ነው? ማርያምን! ቅርንፉድ ያዢበት።»

አየሩ ነፋ። ፀጉሯ ቆመ፣ ቀሚሷ ተርገበገበ። አረንጓዴው መብራት በራ፣ በሩ ተከፈተ፣ ደብሪቱም ከነአፈሯ ወደ ከተማ ገባች። በዕድሜዋ እንደዚያች ቅጽበት ኮርታ አታውቅም። አባዬ፣ ይኸው፣ ይዤልህ መጣሁ፣ አለች በልቧ።

ከበሩ ወዲያ የሰፈሯ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት እትዬ ሶልያና ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ፣ ደብሪቱ ሥራ ስትውል አባቷን የሚጠብቁላት ጎረቤት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው ያሉትም እንዲሁ። ዓለም ስንቱን ነገር በስልክ ጨረሰ፤ መርዶ ግን ዛሬም በእግሩ ነው የሚሄደው። የተዘቀዘቀ ነጠላ ያየ ሰው ደግሞ ንግግር አያስፈልገውም።

«ደብሪቱዬ» አሉ እትዬ ሶልያና፣ ስትወድቅ ሊይዟት እጃቸውን እየዘረጉ። «ልጄ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ...»

ከሆዷ አንድ ነገር ተነሳ። አባዬ የሚል ነው። ደረቷን አልፎ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ፤ አፏ ላይ ግን አፈር አለ። የኬላው ጠባቂዎች ከጎን ቆመው እያዩ ናቸው። አፏን ብትከፍት አፈሩ ንጣፉ ላይ ይወድቃል፤ እሷ ትባረራለች፣ ሊያስተዛዝኗት የመጡት ጎረቤቶቿ ደፋኝ ተብለው ይለጠፋሉ፣ አባቷም በባዶ ግንባራቸው ይታሸጋሉ። ዋጥ አድርገሽ ቻዪው፣ አለች ለራሷ፤ ጩኸቱን ማለቷ ነው። ከንፈሯን ገጠመች። ቆመች።

ለቀስተኛው ጠበቀ። ሴት ልጅ የአባቷን መርዶ ሰምታ አንድ እንኳ ኡኡ ሳትል ስትቆም ማን አይቶ ያውቃል?

«አልቅሺ እንጂ ልጄ» አሉ እትዬ ሶልያና።

ደብሪቱ እንባዋ ብቻ ወረደ።

«አምጪው፣ አውጪው፣ አፍነሽ አትያዢው! ልብሽ ይፈነዳል!»

ራሷን ነቀነቀች። ጉንጯ ተንቀጠቀጠ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ኧረ ደነገጠች! ጥርሷ ገጥሟል! ጥርሷን ፈልቅቁላት!» ብላ ጮኸች። «ውሃ! ውሃ አምጡ!» አሉ ሁሉም።

አዳፍሬ ጩኸቱን ሰምቶ ከኬላው ቧንቧ ውሃ ቀድቶ እየሮጠ መጣ። ደብሪቱ ልትሸሽ ፈለገች፤ በፍቅር የያዟት እጆች ግን ብዙ ነበሩ። አንዱ ትከሻዋን ያዘ፣ አንዱ አንገቷን ደገፈ። እትዬ ሶልያና ስንት ራሱን የሳተ ሰው በዚህ መልክ መልሰዋል! አገጯን ይዘው፣ ጥርሷን በአውራ ጣታቸው ፈልቅቀው ኩባያውን ጭልጥ አድርገው አፏ ውስጥ ገለበጡት። አፍንጫዋን ያዙ። ደብሪቱ ታገለች፣ ታገለች፣ ትንፋሽ አጠራት። ውሃው ጥሩ ውሃ ነበር። አባቷ በነጠፉት ንጣፍ ሰርጎ፣ ከሥሩ ተጣርቶ የመጣ፣ ቀዝቃዛ፣ ኩልል ያለ ውሃ ነው። የማሳውን አፈር ከድዷ ላይ አጥቦ ይዞት ወረደ።

ዋጠችው።

ያን ጊዜ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ኬላው ላይ ተሰምቶ አያውቅም። መሬት ላይ ወድቃ ንጣፉን በመዳፏ መታችው፤ ጠጠሩ እጇን ላጠው።

«እሰይ! ይኸው ወጣላት» አሉ እትዬ ሶልያና፣ እያለቀሱ። «ውሃው ነው ያዳናት።»

አዳፍሬም ባዶውን ኩባያ ይዞ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

በማግስቱ እስከ ቀብር ሰዓት ድረስ ደብሪቱ እህል አልቀመሰችም። ንፍሮ አቀረቡላት፣ እምቢ አለች። ሾርባ አመጡላት፣ ፊቷን አዞረች። አፈሩ ሆዷ ውስጥ አለ፣ ሌላ ነገር ካስገባችበት ይወርዳል የሚል ሐሳብ ይዟት ነበር፤ እብደት መሆኑን እያወቀች። ለመተንፈስ ብላ ጓሮ ወጥታ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች። ኩልል ያለ ውሃ ብቻ ወጣ፤ ንጣፉም ጠጣው። ለቀስተኞቹ፣ «አባቷን እንዴት ትወዳቸው ኖሯል» ተባባሉ። ደግሞስ ምን ብላ ትንገራቸው? ቢያውቁ ያዝኑላት እንደሆን ወይ ደፋኝ ይሏት እንደሆን እርግጠኛ አልነበረችም። እንዲህ አለመተማመኗ ከሐዘኑ ያልተናነሰ አቃጠላት።

የፉካው ግድግዳ ነጭና ረጅም ነው። ጋሽ ናሆም ከላይ ሳይሆን ከታች ደረሳቸው፤ ደብሪቱ ለዚህ ብቻ አመሰገነች። ሬሳው ገባ። ቄሱ መጽሐፋቸውን ዘግተው፣ «አፈር ነህና» አሉ፤ ድምፃቸው እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ይቸኩላል፤ «ወደ አፈርም ትመለሳለህ።» ሦስቱን ጠጠሮች ጣሉ። ደብሪቱ ሦስቱም ሲያርፉ ሰማች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ግን ጆሮዋን ልትይዝ ፈልጋ ነበር።

ሰው እየተሳሳመ መበተን ሲጀምር ተንበረከከች። ማሸጊያው ገና አልተገጠመም። ጭንቅላቷን ወደ ቀዳዳው አስገብታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ» አለች። «አልጠፋም። እኔ ጋ ነው። ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ።»

ነጭ ጓንት ያጠለቀች የማረፊያው ተቆጣጣሪ ማሸጊያውን ይዛ ከኋላዋ ቆማ ኖሯል። ወጣት ናት፤ ክፉ ሰውም አትመስልም። ትከሻዋን በቀስታ ነካ አደረገቻት።

«ይቅርታ እህቴ፣ ወደ ውስጥ ምንም ይዞ መግባት አይፈቀድም» አለቻት።